ከሻንሲ ጋር ለሚታሰር ዕቃ ልኩን ብሎን መምረጥ

ፒክአፑ ላይ የፊት መከላከያ፣ የመሣሪያ ሣጥን ወይም የትርፍ ጎማ ማንጠልጠያ የሚያስገጥም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡንም ሐሳቡንም በዕቃው ላይ ያውላል፤ ዕቃውን ከሻንሲው ጋር የሚያይዙት አራት ወይም ስድስት ብሎኖች ላይ ሲደርስ ግን በጋራዡ ጣሳ ውስጥ ከተጠራቀሙት መካከል ቀዳዳው የተቀበለለትን አንሥቶ ያስገባል። ብሎን ቀዳዳ ውስጥ ስለገባ ብቻ ልኩ ነው አይባልም። ይህ ጽሑፍ እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ እንደ ላንድክሩዘር 70 እና እንደ አይሱዙ የጭነት መኪና ባሉ፣ ራሱን የቻለ መሰላል መሰል ሻንሲ ባላቸው መኪኖች ላይ ዕቃ ለሚያስር ወይም የጠፋ ብሎን ለሚተካ ሰው የተዘጋጀ ነው። እንደ ቪትዝ ያሉ አነስተኛ መኪኖች አካላቸው በሙሉ ተበይዶ ከተያያዘ ላሜራ የተሠራ እንጂ የተለየ ሻንሲ የሌላቸው ስለሆኑ፣ እነሱ ላይ ከባድ ዕቃ ማሰር ሌላ ጥያቄ ነው።

«የ17 ብሎን» ሲባል

በጋራዥ ቋንቋ ብሎን የሚጠራው በመፍቻው ነው፤ «የ14ቱን ፍታው»፣ «የ17 ብሎን አምጣ» ይባላል። ይህ አጠራር መኪና ለመፍታት ይበቃል፤ ብሎን ለመግዛት ግን ያሳስታል፤ ምክንያቱም የመፍቻው ቁጥር የሚነግረን የብሎኑን ራስ ስፋት እንጂ የገላውን ውፍረት አይደለም። የጃፓን መኪና ሠሪዎች በሚከተሉት ልማድ በ12 መፍቻ የሚፈታው ብሎን ገላው 8 ሚሊ ሜትር፣ በ14 የሚፈታው 10 ሚሊ ሜትር፣ በ17 የሚፈታው ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ነው። በብዛት በየሱቁ የሚሸጡት በቀድሞው የጀርመን ደረጃ የተሠሩት ብሎኖች ግን 8 ሚሊ ሜትሩ በ13፣ 10 ሚሊ ሜትሩ በ17፣ 12 ሚሊ ሜትሩ በ19 መፍቻ ይፈታሉ። ስለዚህ ከሃይሉክስ ሻንሲ ላይ የጠፋውን «የ17 ብሎን» ፈልጎ ሱቅ የሄደ ሰው በሁለት ሚሊ ሜትር የቀጠነ ብሎን ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ሻጩም አላታለለውም፣ የጠየቀውን ነው የሰጠው።

ውፍረቱ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ነገር ብዙ ሰው የሚዘነጋው የጥርሱ ርቀት ነው። 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን፣ ማለትም ኤም 10 የሚባለው፣ በአንድ ጥርስና በሚቀጥለው መካከል 1.5 ሚሊ ሜትር ወይም 1.25 ሚሊ ሜትር ሊኖረው ይችላል። ሱቅ ውስጥ «ኤም 10» ብቻ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው ሰፊ ጥርሱ፣ ባለ 1.5ቱ ነው። የጃፓን መኪኖች ግን በኤም 10 ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት ደቃቁን፣ ባለ 1.25ቱን ነው። ኤም 12 ላይም ልዩነቱ ይብሳል፤ የሱቁ 1.75 ሲሆን የመኪናው አብዛኛውን ጊዜ 1.25 ነው። ኤም 8 ላይ ሁለቱም 1.25 ስለሚሆኑ ይህ ችግር እምብዛም አይታይም፤ ምናልባትም ሰው ለጥርስ ርቀት ትኩረት የማይሰጠው መጀመሪያ የሚለምደው ይህንኑ ብሎን ስለሆነ ይሆናል።

ይህን የተማርኩት ዕቃ አበላሽቼ ነው። በአንድ አሮጌ ፒክአፕ ፊት ላይ የመጎተቻውን መንጠቆ መልሼ ሳስር አንዱ ብሎን ስለጠፋ አዲስ ኤም 10 ገዛሁ። ዳዶው ከሻንሲው ውስጥ ተበይዶ የተቀመጠ፣ በእጅ የማይደረስበት ነበር። ብሎኑ አንድ ዙር ተኩል ያህል በጣቴ ከዞረ በኋላ ጠጠረ። ዝገት ነው ብዬ ዘይት ጨመርኩበት፤ በመፍቻው እጀታ ላይ ቱቦ አስረዝሜም እስከ መጨረሻው አስገባሁት። በማግሥቱ ስፈታው የወጣው ብሎን በጥርሶቹ መካከል የብረት ፍቅፋቂ እንደ ተጠቀለለ ክር ተሞልቶ ነበር፤ የዳዶው ጥርስ ሙሉ በሙሉ ተበልቷል። አዲስ ዳዶ ለማስገባት የሻንሲውን ጎን መክፈት ግድ ሆነ። የሃያ ሳንቲም ያህል ልዩነት የሌላቸው ሁለት ብሎኖች የአንድ ቀን ተኩል ሥራ አስከተሉብኝ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የማልጥሰው ሕግ አንድ ነው፦ ማንኛውም ብሎን መፍቻ ከመንካቱ በፊት ቢያንስ አራት ወይም አምስት ዙር በጣት ብቻ መዞር አለበት። ካልዞረ ወይ ጥርሱ ሌላ ነው፣ ወይ ዳዶው ቆሽሿል፣ ወይ ብሎኑ ጠሞ ገብቷል፤ በሦስቱም ጊዜ መፍትሔው ጉልበት አይደለም።

መለካት

ካሊፐር ካለዎት የገላውን ውፍረት በጥርሶቹ ጫፍ ላይ ይለኩ። ኤም 10 ብሎን በትክክል 10 አይነበብም፤ 9.8 ወይም 9.9 ያሳያል፣ ይህም ጤነኛ ነው። 9.5 ካሳየዎት ግን በኢንች የተለካ፣ ሦስት ስምንተኛ ኢንች የሆነ ብሎን በእጅዎ ይዘዋል ማለት ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንቹ ነው፤ ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከኤም 8 በዓይን አይለይም፣ በኤም 8 ዳዶ ውስጥም ጥቂት ከዞረ በኋላ ነው የሚነክሰው። ከአሮጌ ላንድሮቨርና ከአሜሪካ ሠራሽ ተሽከርካሪዎች የተፈቱ ብሎኖች በአንድ ጣሳ ውስጥ ከጃፓኖቹ ጋር ተደባልቀው በሚገኙበት ጋራዥ ይህ ዓይነቱ ስሕተት የተለመደ ነው።

የጥርስ ርቀት መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ተራ ማስመሪያ ይበቃዋል። ከአንዱ ጥርስ ጫፍ ተነሥቶ አሥር ክፍተት ይቁጠርና ርዝመቱን ያንብብ፤ 12.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ርቀቱ 1.25 ነው፣ 15 ከሆነ 1.5 ነው፣ 17.5 ከሆነ 1.75 ነው። ከዚህም የሚፈጥነው ዘዴ ልኩ የታወቀ ብሎን ከማይታወቀው ጋር ጥርስ ለጥርስ ገጥሞ ወደ ብርሃን ማየት ነው። ሁለቱ ጥርሶች እንደ ተዘጋ ዚፕ ሙሉ ለሙሉ ከተጋጠሙና በመካከላቸው ብርሃን ካላለፈ አንድ ናቸው።

የጠፋው ብሎን ናሙና ከሌለዎት የዚያው ተራ ጎረቤት የሆነውን ብሎን ፈትተው ይዘው ይሂዱ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ከተበለቱ መኪኖች የወጡ ኦሪጅናል ብሎኖች ማግኘት ስለሚቻል፣ ለጃፓን ፒክአፕ ጥርሱም የራሱ ስፋትም የሚገጥም ብሎን ከአዲሱ ሱቅ ይልቅ እዚያ ቶሎ ሊገኝ ይችላል። ያገለገለ ብሎን ሲገዙ ግን አዲስ ዳዶ ይዘው ይሂዱና ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትዎ ያዙሩት፤ መሐል ላይ የሚጠጥር ከሆነ ብሎኑ ከልክ በላይ ተጠብቆ የተለጠጠ ነው፣ ቢያምርም አይግዙት።

በሻንሲው ውስጥ የተበየደው ዳዶ ቆሽሾ ከሆነና የውስጥ ጥርስ ማውጫ ከሌለ፣ ልኩ በትክክል የታወቀ ብሎን ወስዶ ጥርሱን በቁመቱ በሰጌቶ አንድ ወይም ሁለት ቦታ መሰንጠቅ ይቻላል። ስንጥቁ ጭቃውንና ዝገቱን ስለሚሰበስብ፣ ዘይት እየጨመሩ ግማሽ ዙር አስገብቶ ሩብ ዙር እየመለሱ ዳዶውን ያጸዱበታል። አዲስ ጥርስ አያወጣም፤ ያለውን ግን ሳይጎዳ ይጠርጋል።

ራሱ ላይ የተጻፈው

ሁለት ብሎኖች በልክ ፍጹም ተመሳስለው በጥንካሬ ግን በእጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ራሳቸው ላይ በተቀረጸው ቁጥር ነው። 8.8 የሚለው ጽሑፍ ሁለት ነገር ይናገራል። የመጀመሪያው 8 በመቶ ሲባዛ 800 ይሆናል፤ ይህም ብሎኑ ከመበጠሱ በፊት በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር የሚሸከመው የኒውተን መጠን ነው። ሁለተኛው 8 ደግሞ ከዚህ ውስጥ ሰማንያ በመቶው ላይ፣ ማለትም 640 ላይ፣ ብሎኑ ወደ ነበረበት ሳይመለስ መለጠጥ እንደሚጀምር ያመለክታል። በዚሁ ስሌት 10.9 በ1000 ይበጠሳል፣ በ900 ይለጠጣል። ዳዶውም የራሱ ቁጥር አለው፤ ለ8.8 ብሎን 8 የተጻፈበት፣ ለ10.9 ደግሞ 10 የተጻፈበት ዳዶ ያስፈልጋል። ጠንካራ ብሎን በለስላሳ ዳዶ ሲታሰር የሚበላው የዳዶው ጥርስ ነው፤ ይህ ደግሞ ብሎን እንደ መበጠስ ድምፅ አሰምቶ ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚመጣ በመሆኑ አደገኛነቱ ይብሳል።

በጃፓን መኪኖች ኦሪጅናል ብሎን ላይ አንዳንድ ጊዜ 4፣ 7፣ 9 ወይም 11 የሚል ነጠላ ቁጥር ብቻ ይገኛል። 7 ማለት ብሎኑ በካሬ ሚሊ ሜትር ቢያንስ 70 ኪሎ ግራም የሚሆን ኃይል ይሸከማል ማለት ስለሆነ በ8.8 ሊተካ ይችላል፤ 9 ከሆነ 10.9 መግዛት ያስፈልጋል፤ 11 ከሆነ ግን የመኪናውን ኦሪጅናል መፈለግ ይሻላል። ከሱቅ የተገዛና ምንም ምልክት የሌለውን ብሎን ለስላሳ ነው ብሎ መነሣት ይገባል።

ለሻንሲ ሥራ የእኔ መነሻ 8.8 ነው። የመጎተቻ መንጠቆ፣ ዊንች (መኪና በገመድ የሚጎትት መሣሪያ) ወይም ሰው መኪናውን ሊያነሣበት የሚችል የፊት መከላከያ ከሆነ 10.9 እጠቀማለሁ። 12.9 የሚል የተጻፈበት ብሎን ይበልጥ ጠንካራ ስለሆነ ይበልጥ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጠነከረ ብረት ጋር ተሰባሪነት ስለሚመጣ፣ በተለይም በኤሌክትሪክ ዚንክ የተለበጠ ከሆነ ሳይታሰብ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ለውጭ ሥራ አልመርጠውም። የማይዝገው የስቴንለስ ብሎንም ብዙ ሰው ያታልላል። ኤ2-70 የተጻፈበት ስቴንለስ መለጠጥ የሚጀምረው በ450 ኒውተን አካባቢ ስለሆነ ከተራው 8.8 በእጅጉ ይደክማል፤ ሲጠብቅም ብሎኑና ዳዶው ተነካክሰው አልላቀቅ ሊሉ ይችላሉ። ለሰሌዳና ለመብራት መያዣ ይሁን።

ቶርኖ ቤት ከፌሮ አስቀርጾ ማሠራትም የተለመደ ነው። ቶርነኛው የቱንም ያህል የተካነ ቢሆን የብረቱን ጥንካሬ ሊለውጠው አይችልም፤ ለካሶኒ መቀርቀሪያ የሚበቃው ብሎን ለዊንች አይበቃም። በአንጻሩ ጠንካራውን ብሎን ራሱ ላይ መበየድ ጥንካሬውን ያጠፋዋል፤ 8.8 እና 10.9 ብሎኖች ጥንካሬያቸውን ያገኙት ግለው በድንገት ከቀዘቀዙ በኋላ ዳግመኛ በልክ በመሞቃቸው ስለሆነ፣ የብየዳ እሳት ሲነካቸው ያ ሁሉ ይፈርሳል።

ብሎን የሚይዘው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው ብሎን ዕቃውን የሚሸከመው እንደ ሚስማር፣ ገላውን አጋድሞ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ዕቃ ሲላላበት ወፈር ያለ ብሎን ይፈልጋል። በትክክል የተሠራ እስር ግን እንዲህ አይደለም። ብሎኑ ሲጠብቅ እንደ ሞላ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ወደ ቦታው ለመመለስ ሲጎትትም ሁለቱን ብረቶች እርስ በርስ ይጨምቃቸዋል። ዕቃውን እንዳይንሸራተት የሚያደርገው በሁለቱ ብረቶች ፊት መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ኤም 10 የሆነ 8.8 ብሎን በ45 እስከ 50 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ ነው) ሲጠብቅ ወደ 2.5 ቶን በሚጠጋ ኃይል ይጨምቃል፤ የሰበቃው ድርሻ ከዚህ አንድ አምስተኛ ቢሆን እንኳ አንዱ ብሎን ብቻውን 500 ኪሎ ያህል ሳያንሸራትት ይይዛል። አርባ ኪሎ የሚመዝን የመሣሪያ ሣጥን በኮረኮንች መንገድ እየዘለለ የሚበጥሰው ብሎን እንግዲህ የቀጠነው ሳይሆን ያልጠበቀው ነው፤ ያልጠበቀ ብሎን በእያንዳንዱ ንዝረት ወዲያና ወዲህ ይመታል፣ በወራት ውስጥም ይደክምና ይቆረጣል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ብዙ ነው። በሚጨመቁት ሁለት ፊቶች መካከል ወፍራም ቀለም፣ የላስቲክ ንጣፍ ወይም የዝገት ቅርፊት ሊኖር አይገባም፤ እነዚህ በጊዜ ብዛት እየሳሱ ሲሄዱ የብሎኑ ውጥረት ይረግባል። ፊቶቹን እስከ ብረቱ አጽድቶ ስስ የፀረ-ዝገት ቀለም ብቻ መቀባት ይበቃል። ከራሱና ከዳዶው ሥር ጠንካራ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ይግባ፤ ለስላሳና ስስ ሮንዴላ ወደ ቀዳዳው ይሰምጣል። ከተቻለ ራሱ ከሥሩ ሰፋ ያለ ብሎን መጠቀም ሮንዴላውን ያስቀራል። የተሰነጠቀው የሞላ ሮንዴላ ግን ለ8.8 ብሎን ብዙም አይረዳም፤ ብሎኑ በልክ ሲጠብቅ እሱ ሙሉ በሙሉ ተጨፍልቆ ተራ ሮንዴላ ይሆናል። ጌርሃርድ ዩንከር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1969 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ብሎን ከምንም በላይ የሚላላው ወደ ጎን በሚንቀሳቀስ ንዝረት ነው፤ የሞላ ሮንዴላም ይህን አያስቆምም። ከውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ ናይለኑ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ስለማይችል ከማርሚታው አጠገብ አይግባ፣ ከተፈታ በኋላም ዳግመኛ አይታሰርበት።

ርዝመቱን ሲመርጡ የሁለቱን ብረቶች፣ የሮንዴላዎቹንና የዳዶውን ውፍረት ደምረው ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ከዳዶው እንዲወጣ ያድርጉ። ሁለቱ ብረቶች በሚነካኩበት መስመር ላይ የብሎኑ ለስላሳ ገላ እንጂ ጥርሱ እንዳይቀመጥ መጠንቀቅም ያስፈልጋል። እስከ ራሱ ጥርስ የሆነው ብሎን ስለረዘመ ብቻ ተቆርጦ የሚገባበት ልማድ ይህን ይዘነጋል።

ቀዳዳው

በሻንሲው ላይ ፋብሪካው የተወው ቀዳዳ ካለ በእሱ መጠቀም ከሁሉ ይቀድማል። አዲስ መብሳት ግድ ከሆነ የሻንሲው ቋሚ ጎን ላይ፣ ወደ መካከሉ ይበሳ፤ የላይኛውና የታችኛው ጠፍጣፋ ክፍል መኪናው ሲጫን የሚለጠጠውንና የሚጨመቀውን ኃይል የሚሸከም ስለሆነ እዚያ ላይ የተበሳ ቀዳዳ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ከመብሳትዎ በፊት በሌላው ወገን የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ መስመር ወይም ሽቦ አለመኖሩን በእጅዎ ያረጋግጡ። የሻንሲ ቁጥሩ ወደ ተመታበት ቦታም አይጠጉ፤ በዓመታዊው ምርመራ ላይ የተነካ ቁጥር ማስረዳት ከብሎን መፈለግ ይከብዳል።

ለኤም 8 ብሎን 9 ሚሊ ሜትር፣ ለኤም 10 ብሎን 11 ሚሊ ሜትር፣ ለኤም 12 ብሎን 13.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃል። በብየዳ እሳት የተበሳ ቀዳዳ ጠርዙ የጠነከረና የተሰነጣጠቀ ስለሚሆን በትራፓኖ ብቻ ይበሳ፤ ጠርዙም በሞረድ ተጠርጎ ወዲያው ይቀባ።

ሻንሲው እንደ ሣጥን የተዘጋ ከሆነ ረዥም ብሎን ከጎን እስከ ጎን አሳልፎ ማጥበቅ ሁለቱን ግድግዳዎች ወደ ውስጥ ያጎብጣቸዋል፤ ብሎኑም መቼም አይወጠርም። እንዲህ ባለ ቦታ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ልክ የሚገባ ወፍራም ቱቦ ማስገባትና ብሎኑን በእሱ ውስጥ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ከአንድ ወገን ተሰክቶ በመጎተቻ የሚጨፈለቀው ባለጥርስ ቱቦ ለሽቦና ለቱቦ መያዣ ምቹ ነው፤ መከላከያ ወይም ዊንች ግን አይሸከምም።

ማጥበቅ

ለ8.8 ብሎን ኤም 8 ከሆነ 25፣ ኤም 10 ከሆነ እስከ 50፣ ኤም 12 ከሆነ 85 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ የመኪናው መመሪያ የራሱን ቁጥር ከሰጠ ግን የሚጸናው እሱ ነው። ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ መፍቻ፣ ለሌለው ሰው የሻንጣ መመዘኛ ሚዛን ያገለግላል። ከብሎኑ መሐል 30 ሴንቲ ሜትር በሚርቀው የመፍቻ ጫፍ ላይ ሚዛኑን አንጠልጥሎ፣ ከመፍቻው ጋር በቀጥታ ማዕዘን እየጎተቱ 17 ኪሎ ሲያነብ ማቆም 50 ኒውተን ሜትር ያህል ይሰጣል። ጥርሱ በግራሶ ከተቀባ ግን እነዚህ ቁጥሮች ዝቅ ማለት አለባቸው። ከሚያጠብቀው ጉልበት ብሎኑን ለመለጠጥ የሚውለው አንድ አሥረኛው ያህል ብቻ ሲሆን የቀረውን ሰበቃ ይበላዋል፤ ሰበቃው ሲቀንስ ትርፉ በሙሉ ወደ ብሎኑ ይሄዳል፣ በተመሳሳይ ቁጥርም ብሎኑ ሊበጠስ ይችላል።

ሁሉም ከጠበቀ በኋላ በዳዶው፣ በብሎኑ ጫፍና በሻንሲው ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም ያስምሩ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በተለይም ኮረኮንች መንገድ፣ ከተነዳ በኋላ ከሥር ገብተው መስመሩን ይዩት። ካልተሰበረ ብሎኑን አንድ ጊዜ በልኩ ጉልበት መፈተን ይበቃል። ከተሰበረ መልሶ ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ፈትተው በፊቶቹ መካከል የቀረ ቀለም ወይም ወደ ቀዳዳው የሰመጠ ሮንዴላ መኖሩን ይመልከቱ፣ ገላው ላይ የተፋቀ ቦታ ካዩበትም ብሎኑን ለውጡት።